ትሸጥ ነበር

ዛሬ ምሳ ላይ የሥራ ባልደረባዬ ስለ እናቷ አጫወተችኝ። የኤል ሳልቫዶር ልጅ ናት፤ እዚህ ዲሲ አካባቢ ሐበሻና ሳልቫዶራዊ ጎን ለጎን ነው የሚሠራው። «ሚ ማማ ቬንዲያ ፑፑሳስ» አለች በስፓኒሽ። «እናቴ ፑፑሳ (ውስጡ የተሞላ የበቆሎ ቂጣ) ትሸጥ ነበር» ማለቷ ነው። «ቬንዲዮ» ብትል ሸጠች፣ አበቃ። «ቬንዲያ» ስትል ግን በየማለዳው ነው፤ የጋለው ምጣድ፣ የሚጠብቀው ደንበኛ ሁሉ አብሮ ይመጣል። የበቆሎው ሊጥ እንዴት እንደሚጠፈጠፍ በባዶ መዳፏ አሳየችኝ።

ቆየት ብላ «ቬንዲያ» ብቻ አለች። እዚህ ጋ «እኔ»ም «እሷ»ም ቅርጻቸው አንድ ነው። «ማን?» አልኳት። «ሁለታችንም።»

ስፓኒሽ የምትማሩ፣ ኢምፐርፌክቶን፣ ያንን «ትሸጥ ነበር» የሚለውን የግሥ ቅርጽ፣ አትዝለሉት። ከደንቡ የሚወጡት ግሶች ሦስት ብቻ ናቸው፦ ሴር (መሆን)፣ ኢር (መሄድ)፣ ቬር (ማየት)። እሱን ከያዛችሁ ሰውን ስለ አስተዳደጉ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ እናቱ ሥራ መጠየቅ ትችላላችሁ።