ስፈራ ምን አደርጋለሁ? የሚስማማኝን የወሊድ ዝግጅት ትምህርት ያገኘሁበት መንገድ

ሰባት ወር ሲሞላኝ መካሪዬ በዛ። ጎረቤቴ «የአተነፋፈስ ትምህርት ውሰጂ» አለችኝ። እናቴ «እኔ ስድስት ስወልድ ማን አስተማረኝ? ማርያም ታውቃለች» አለች። ባለቤቴ ማታ ማታ ከስልኩ ቪዲዮ ያሳየኛል። ሁሉም በቅንነት ነው። እኔን ግን ጋደም ስል የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነበር። ምጥ ሲመጣ ሰውነቴ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ አላውቅም። የማላውቀው ነገር ደግሞ እንቅልፍ ይነሳኛል። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አንድ ብር የት እንደገባ ሳላውቅ መዝገብ ዘግቼ ቤቴ መሄድ አይሆንልኝም። ሰው በበዛበት ቦታ ደግሞ አፌ ይተሳሰራል። እነዚህን ሁለት ጠባዮቼን ቀድሜ ባስብባቸው ኖሮ ያንን አንድ ወር ባላባከንኩት።

መጀመሪያ የተመዘገብኩት ሰው ሁሉ ያደነቀው ጋ ነው። አንድ የግል ክሊኒክ ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምር ነበር። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ አስተማሪዋም ፍልቅልቅ ናት። አሥራ ሁለት ነፍሰ ጡሮች ከነባሎቻችን ፍራሽ ላይ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ከዚያ በየተራ ስለ ፍርሃታችን እንድንናገር ተጠየቅን። ተራዬ እስኪደርስ ሌሎቹ ያሉትን አንድም አልሰማሁም፤ የምለውን ስደረድር ነበር። ሲደርሰኝ «ምንም አልፈራም» ብዬ ዋሸሁ። ቀጥሎ ምጥ እንደያዘን አስበን ድምፅ አውጥተን እንድናቃስት ተባልን። ከጎኔ ያለችው ሴት ከልቧ ታቃስታለች፣ መልሳ ትስቃለች፣ ፊቷ ፈክቷል። እኔ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

የተውኩት ግን በሀፍረት ብቻ አይደለም። በሦስተኛው ቅዳሜ እንደምንም ደፍሬ ስለ ኦፕራሲዮን ጠየቅሁ። አስተማሪዋ «ክፉ አናስብ፤ አንቺ በምጥሽ ነው የምትወልጂው» አለችኝ። ይህ ቃል ለብዙ ሴት ብርታት ይሆናል። እኔ ግን ያልተነገረኝን ነገር ማታ ራሴ እሞላዋለሁ፤ የምሞላው ደግሞ ከእውነቱ የከፋ ነው። በዚያ ሳምንት እንቅልፌ ጭራሽ ጠፋ።

አተነፋፈሱን ንቄ እንዳይመስልባችሁ። ፈርናንድ ላማዝ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ሶቪየት ኅብረት ሄዶ፣ ሴቶች በትምህርትና በአተነፋፈስ ምጥን ሲቋቋሙ አይቶ ነው ዘዴውን ወደ አገሩ የወሰደው። ሮበርት ብራድሌይ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ደግሞ ባልን ዋና ረዳት አደረገው። አንዱ ትንፋሽሽ ላይ አተኩሪ ይላል፣ አንዱ ባልሽ ላይ ተደገፊ ይላል። ይህን ሳነብ ቀለለኝ። ያ ክፍል ስላልሆነልኝ የጎደለኝ ነገር አለ ማለት አይደለም። ያ መንገድ የሌላ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ «የቱ ይሻላል?» ማለቱን ትቼ «እኔ ስፈራ ምን አደርጋለሁ?» ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱ ሩቅ አልነበረም። ስፈራ እጠይቃለሁ፤ የምጠይቀውም አንድ ሰው ለብቻው ሳገኝ ነው።

ጎንደር ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ አየሁ። ጤና ጣቢያ በክትትል ቀን ጠዋት አዋላጇ አግዳሚው ላይ ለተቀመጥነው ሁሉ በሥዕል ታስረዳለች። በነጻ ነው፤ ማንም ሊያልፈው አይገባም። ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ የእንሽርት ውኃ መፍሰስ፣ የልጅ እንቅስቃሴ መቀነስ ሲኖር ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም መሄድ እንደሚገባ የሰማሁት እዚያ ነው። ጠባያችን ምንም ይሁን ይህን የማያስተምር ትምህርት ትምህርት አይደለም። ግን ሕፃን ያለቅሳል፣ ስም ይጠራል፣ ጥያቄ ለመጠየቅ አይመችም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚያዘጋጁት የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስም አለ። ቡና ይፈላል፣ የወለዱት ላልወለዱት ያወራሉ። ጨዋታ ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም።

የእኔን ያገኘሁት በክትትል ቀን ነው። ሲስተር ደም ግፊቴን ስትለካ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስለ ኦፕራሲዮን ጠየቅኋት። ለምን እንደሚደረግ፣ ሰመመኑ ምን እንደሚመስል፣ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚዋል በአምስት ደቂቃ ነገረችኝ። ያን ማታ ተኛሁ። በሳምንቱ ተመልሼ «ሲስተር፣ ከሥራሽ ውጪ የምታስተምሪበት ሰዓት አለሽ?» አልኳት። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሴቶችን በአንድ ላይ ታስተምር ኖሯል። ሦስተኛ ሆንኩ።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። የሹራብ እጅጌ አመጣች፤ ብርቱካን ከተተችበት። «ይኼ ማህፀን ነው፣ ይኼ የልጅሽ ጭንቅላት፣ ይኼ የማህፀን በር» አለችና የእጅጌውን ጫፍ አስያዘችኝ። ብርቱካኑን ከላይ ቀስ እያለች ስትገፋ ጫፉ መጀመሪያ ሳሳ፣ ከዚያ ትንሽ በትንሽ ተከፈተ። ክሩ ጣቴ ላይ ሲወጠር ይሰማኛል። ሹራቡ ሲጨማደድ ምጡ ነው፣ ሲላላ እረፍቱ ነው። በመሃል ያለው እረፍት መኖሩን እንኳ ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

የማህፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ከተከፈተ ጀምሮ ምጡ እንደሚፋፋም፣ 10 ላይ ሙሉ በሙሉ እንደሚከፈት ነገረችን። ቤት ገብቼ ማስመሪያ አነሳሁ። የሲኒያችን አፍ 6 ሆነ። የሲኒ ማስቀመጫው ከ10 ጥቂት በለጠ። እናቴ ጀበናውን ይዛ ዝም ብላ ስታየኝ ቆይታ «እስቲ ንገሪኝ» አለች። ነገርኳት። ስድስት የወለደችው እናቴ ሲኒውን አገላብጣ አየችው።

ባለቤቴም የራሱ ጠባይ አለው። ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ሲስተር ይህ ገብቷት ሥራ ሰጠችው። የመዳፉን ተረከዝ ከወገቤ በታች ካለው አጥንት ላይ አድርጎ፣ ምጡ ሲመጣ እንዲጫን፣ ሲሄድ እንዲለቅ አለማመደችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከቪዲዮ ተላቀቀ።

ሌላው ያስተማረችኝ ዓይን አፋር የሆነ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። ጎንደር የጤና ባለሙያ ማሠልጠን የጀመረችው እንደ አውሮፓውያን በ1954 ነው። ዛሬም በማስተማሪያ ሆስፒታል የወለደች ሴት አልጋ አጠገብ ተማሪዎች ይኖራሉ። ይህን ቀድሜ ባላውቅ ኖሮ ያን ቀን እሸማቀቅ ነበር። «ማን እንደሚመረምርሽ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ዛሬ አንድ ሰው ብቻ ይሁንልኝ ማለትም ትችያለሽ» አለችኝ። አረፍተ ነገሩን ጮክ ብዬ ሦስት ጊዜ አስባለችኝ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ከአተነፋፈስ ይልቅ ልምምድ የሚያስፈልገው ይኼ ነው።

አብሮኝ ማን እንደሚገባም ቀድሜ እንድጠይቅ መከረችኝ። አንዱ ቦታ «ማንም አይገባም» አሉኝ። ሌላው ጋ «አንድ ሰው ይቻላል» ተባልኩ፤ እዚያ ወሰንኩ። የሚደግፍ ሰው በምጥ ጊዜ ሳይለይ አብሮ ሲቆይ ምጡ እንደሚያጥር፣ ኦፕራሲዮንም እንደሚቀንስ ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች የተካተቱባቸው ጥናቶች ተጠቃለው እንደ አውሮፓውያን በ2017 ወጥቷል። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ድሮስ ሴት ብቻዋን ታምጣለች እንዴ?» አለችኝ።

ምጡ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀመረኝ። ከሰፈራችን ከማራኪ በባጃጅ ስንወርድ ዝናብ ነበር። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ስመረመር «6» ተባልኩ። «ሲኒ» አልኩት ባለቤቴን። እሱም «ሲኒ» ብሎ ወገቤን ተጫነ። በየ4 ሰዓቱ እንደምመረመር ስለማውቅ በመሃል «ለምን ዝም አሉኝ?» ብዬ አልተሸበርኩም። «አንድ ሰው ብቻ ይሁንልኝ» አልኩ፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ እንጂ ወጣ። ሁለት ተማሪዎች ምንም ሳይከፋቸው ወጡ።

ሁሉም እንዳሰብኩት አልሆነም። ከ9 ሴንቲ ሜትር በኋላ ቁጥሩም፣ ሹራቡም፣ ትንፋሹም ከአእምሮዬ ጠፋ። ያኔ የሰማሁት ከኮሪደሩ የእናቴን ድምፅ ነው። «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች፣ ሳትቸኩል፣ አንዱን ከሌላው እየለየች። በእሷ ልክ ተነፈስኩ። እውቀት ብቻ ይበቃኛል ብዬ ነበር፤ አልበቃኝም። 10 ሰዓት ከ40 ላይ ልጄን ደረቴ ላይ አስቀመጡልኝ።

አሁን የባለቤቴ እህት ሰባት ወሯ ነው። ባለፈው ሳምንት ገንፎ ይዛ መጥታ «ያንቺን ሲስተር አገናኚኝ» አለችኝ። እኔም «ስትፈሪ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ሰው መሃል እገባለሁ፤ ወሬ ያረሳሳኛል» አለች። ስለ ኦፕራሲዮን መስማት ትፈልግ እንደሆነ ስጠይቃት ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። የአደጋ ምልክቶቹን በጣቷ እያስቆጠርኩ አስያዝኳት። ከዚያ የሰፈሯን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስልክ ሰጠኋት። ማክሰኞ ቡናው ላይ ተገኝታለች፤ ማታ ደውላ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችልኝ።