ሐዋሳ ላይ ሞገድ መጋለብ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰሞኑን አንድ ሞገድ ካያኬን (በመቅዘፊያ የምትሄደውን ጠባብ ጀልባዬን) ከኋላ አንስቶ ወደ ፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ይዞኝ ነጎደ። እየቀዘፍኩ አልነበረም፤ የወሰደኝ ውሃው ነው። ደቂቃ እንኳን አልሞላም። ቢሆንም ክረምቱን ሙሉ ስመኘው የከረምኩት ይህንን ስለነበር ትንሽ ልኩራራ።

ጅማሬውን አላንዛዛውም። ቀጥ ብሎ መቅዘፍም ሆነ ተገልብጦ መልሶ መውጣት በጠዋቱ የረጋ ውሃ ላይ ይለመዳል። ላይፍ ጃኬት ሳይለብስ የሚገባ ሰው ግን ምክሬን ባይሰማም ይሻላል። ነፋሱ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ፣ መሬቱ ከውሃው በልጦ ሲሞቅ ነው። ከጳጉሜን እስከ መስቀል ደግሞ የዝናቡ ደመና ከፊቱ የሚልከው ንፋስ ይጨመርበታል። የኔ ወቅት ያ ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ ግን ክርክር የለም፣ ወደ ዳር!

ፈተና የሆነብኝ አንድ ነገር ነው። ሞገዱ ኋላዬን ሲያነሳው ካያኩ ወደ ግራ ይዞርና ይገለብጠኛል። ጀልባ የሚነዱት ልጆች "ብሮ፣ ሞተር ግዛ" እያሉ ይስቁብኛል። የሰርፊንግ (ጣውላ ላይ ቆሞ ማዕበል የመጋለብ) ቪዲዮ ባይ ባይ ምንም ጠብ አላለልኝም። ለካ የነሱ ማዕበልና የኛ ሞገድ አይገናኙም። ጀርመናዊው ሴባስቲያን ስቶይድትነር እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2020 ፖርቹጋል፣ ናዛሬ ላይ የጋለበው ማዕበል 26.21 ሜትር ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ማዕበል ሩቅ ውቅያኖስ ላይ በወጀብ ተነስቶ፣ ረጅም መንገድ ሲጓዝ እየተስተካከለ ይመጣል። በአንዱና በቀጣዩ መካከል 14 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል። የኛ ሐይቅ ርዝመቱ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ ውሃውን የሚገፋበት በቂ ሜዳ የለውም።

ስለዚህ ስልኬን አውጥቼ በአንዱ ሞገድና በቀጣዩ መካከል ያለውን ሴኮንድ መቁጠር ጀመርኩ። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሴኮንድ ነው። በ2 ሴኮንድ የሚመጣ ሞገድ ከአናት እስከ አናት 6 ሜትር አካባቢ ይሆናል። የኔ ካያክ ከ4 ሜትር ያልፋል። ኋላው ሽቅብ ሲወጣ ፊቱ የቀደመው ሞገድ ጀርባ ላይ ይሰነቀራል። ፊቱ ሲያዝ ኋላው ይዞራል። ሰው ሁሉ "ሚዛንህን ጠብቅ" ይለኛል። ሚዛን ምን አደረገ? ሰው የሞገዱን ቁመት ያያል፤ መታየት ያለበት ርቀቱ ነው።

ታዲያ የተራራቀውን ሞገድ ለምን አልመርጥም? ፈጣን ነዋ። ባለ 3 ሴኮንዱ በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ክንዴ አይደርስበትም። መፍትሔው ሞገዱን ቀጥ ብሎ ሳይሆን አግድም ቆረጥ አድርጎ መያዝ ሆነ። እንደዚያ ሲሆን ለካያኩ ፊት ቦታ ይገኛል። ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት ብዬ እቀመጣለሁ። ኋላው መነሳት ሲጀምር ጠንከር አድርጌ እቀዝፋለሁ። ወደ ግራ መዞር ሲያምረው መቅዘፊያውን በቀኝ በኩል ከኋላዬ አስገብቼ ወደ ውጭ ገፋ አደርገዋለሁ፤ ገና ሳይዞር። ከዞረ በኋላ ወደ ሞገዱ ጋደል ከማለት ሌላ የሚያዋጣ የለም። ውድ መቅዘፊያ ግዙ የሚሏችሁን አትስሙ። የስልክ ሰዓት ይበልጣል።

ቄጠማ ያለበት ዳርቻ አትጠጉ፣ ጉማሬ አለ። እውነቱን ልናገርና ከመገልበጥ ይልቅ እሱን ነው የምፈራው። የዓሣ መረብ ካያችሁ ዙሩ፣ የሰው እንጀራ ነው። ቢልሃርዚያም ስላለ አልፎ አልፎ ተመርመሩ። እናቴ ከሰዓት ከሰዓት አሞራ ገደል ዓሣ ልበላ የምሄድ ነው የሚመስላት፤ እስካሁን አልነገርኳትም።

በቀኝ በኩል የሚመጣውን ለምጃለሁ፣ በግራ ገና ነኝ። ባቱ ወይም ላንጋኖ ላይ የሞከረ ካለ ሴኮንዱን ቆጥሮ ይንገረኝ። ባቱ ከሐዋሳ ይረዝማል፤ ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው። ሞገዱን ያሳጥረው ይሆን?