የነጣው ትራስ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ እህቴ ቤት ቡና ልጠጣ ገባሁ። ገና ከመቀመጤ የትራስ ልብስ አምጥታ ጭኔ ላይ ጣለችው። «ወንድም ዓለም፣ እስቲ ይኼን እይልኝ!»

ሰማያዊው ጨርቅ፣ ልክ ጉንጭ በሚያርፍበት ቦታ፣ መዳፍ የሚያህል ነጥቷል። በረኪና የፈሰሰበት ነው የሚመስለው።

ጥፋተኛው ለልጇ ብጉር የታዘዘው ቅባት ነው፤ ክሊንዳማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክና ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባል የብጉር መድኃኒት በአንድ ቱቦ። «ጨርቁን እንዲህ ካረገ የልጄን ፊት ምን ሊያረገው ነው?» ብላ በ3 ሳምንቱ ቁምሳጥን ላይ ሰቅላዋለች። ልጁም ያበጠው ብጉር ሲጠዘጥዘው ጓደኞቹ ያሉትን ፊት የሚያቀላ ክሬም ሊገዛ ነበር። እሱ ነው የሚያስፈራው! ስቴሮይድ የሚባለው እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት ካለበት መጀመሪያ ብጉሩን ያበርድና ኋላ ያባብሰዋል።

ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የጨርቅ ቀለም ይበላል እንጂ ቆዳ አያነጣም። ማድረቅና መለብለብ ግን አለው። ክሊንዳማይሲን ለብቻው ሲቀባ ባክቴሪያው ይለምደዋል፤ ሁለቱን ያጣመሯቸው አንድም ለዚህ ነው። ለውጡ ደግሞ 2 ወይም 3 ወር ይፈልጋል።

ካርቶኑን ብከፍተው መመሪያው ከነእጥፋቱ አለ። ስለ ጨርቁ ተጽፏል፣ በእንግሊዝኛ። ሲሸጡላት የነገሯት «ማታ ማታ ይቀባ» ብቻ ነው። እኛም እኮ ከዚያ በላይ አንጠይቅም፤ ከኋላ ሰልፍ አለ።

እህቴ አሮጌ ነጭ ነጠላ አውጥታ ትራሱን ጠቀለለችበት። «እንግዲህ ይኼንም ያንጣው!»