አጣርቶ ማረም፦ የጂን ዝርዝራችንን ያበላሸው ቅደም ተከተል

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንደኔ እንዳይለፋ ነው። ዳታው የአርኤንኤ ሲኩዌንሲንግ (እያንዳንዱ ጂን ምን ያህል እንደሚሠራ የሚለካበት ዘዴ) ነበር፤ ታማሚና ጤነኛ፣ ወደ 20,000 ጂን። ጥራቱን ማየት፣ ከጂኖሙ ጋር ማዛመድ፣ መቁጠር፤ ይህ ሁሉ ያለችግር አለቀ።

ጣጣው የመጣው ከእርማቱ ነው፤ ብዙ ጂን አንድ ላይ ሲፈተን በአጋጣሚ የሚወጡትን ለመቆጣጠር ከሚደረገው ማስተካከያ። ትንተናውን የሠራልን ቡድን የላከው ዝርዝር ያማልላል፤ የሁሉም ጂን ኤፍዲአር (ከተመረጡት ውስጥ ሐሰተኛ የሚሆኑት ድርሻ ግምት) ከ0.05 በታች። አላማረኝምና ኮዱን ጠየቅኩ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ላኩልኝ። ለካ በታማሚና በጤነኛ መካከል ጎላ ያለ ልዩነት የሌላቸውን ጂኖች ቀድመው ጥለዋል። ቤንጃሚኒ ሆችበርግን፣ ማለትም ኤፍዲአርን የሚያሰላውን እርማት፣ የሠሩት በተረፉት ላይ ብቻ ነው።

እስቲ እናስላው። ምንም እውነተኛ ልዩነት በሌለበት 20,000 ጂን ብትፈትኑ፣ የ1,000 ያህሉ ፒ ቫሉ (ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት የመገኘት ዕድሉ) በአጋጣሚ ብቻ ከ0.05 በታች ይወርዳል። ሁሉንም ቆጥራችሁ ስታርሙ፣ 0.05 ላይ ያለው ጂን በጂኖቹ ቁጥር በ20,000 ተባዝቶ በፒ ቫሉ ቅደም ተከተል ላለው ደረጃ፣ ለ1,000፣ ይካፈላል። ውጤቱ 1 ነው፤ ወደቀ። ማጣሪያው እነዚያን 1,000 ብቻ አስቀርቶ ከሆነ ግን ያው 0.05 እዚያው 0.05 ላይ ይቀራል። 1,000ዎቹም ያልፋሉ። ዳታው ውስጥ ምንም የለም፤ ዝርዝሩ ግን ሙሉ ነው።

ይህን ሳስረዳ «ሁሉም የሚሠራው እንዲህ ነው» ተባልኩ። እስካሁን ያናድደኛል። አንድ ገምጋሚ ደግሞ «ቦንፈሮኒ ተጠቀሙ» አለ፤ የበለጠ ጥብቅ የሆነ እርማት ነው። ቦንፈሮኒም የሚያካፍለው በተረፉት ጂኖች ቁጥር ከሆነ መዛባቱ አይጠፋም። እውነተኞቹን ጂኖች ግን ያስጥለናል።

ስለዚህ የታማሚና የጤነኛ ስያሜዎችን አደባለቅኩ። ከዚያ ማጣሪያውን ጨምሮ ሙሉውን ሂደት ደጋግሜ አስኬድኩ። ምንም መውጣት በማይገባው በሐሰት ስያሜም ረጅም ዝርዝር ወጣ። ክርክሩ ያኔ አበቃ፤ በዚህ እኮራለሁ። ናሙናችሁ ሦስት በሦስት ከሆነ ግን በዚህ ዘዴ ብዙ አትመኩ፤ ያሉት የተለያዩ ክፍፍሎች 10 ብቻ ናቸው።

ማጣራት ራሱ ነውር አይደለም። ስያሜውን ሳታዩ፣ በሁሉም ናሙናዎች አማካይ ንባባቸው (የተቆጠረላቸው የአርኤንኤ ቁራጭ ብዛት) ዝቅተኛ የሆኑትን ጂኖች ጣሉ። ዲሴክ2 የተባለው የትንተና ሶፍትዌርም ከእርማቱ በፊት ይህንኑ ያደርጋል። ከዚያ የፒ ቫሉውን ሂስቶግራም (የስርጭት ግራፍ) ሥሩ። ጤናማው 0 አጠገብ ከፍ ብሎ እስከ 1 ድረስ ጠፍጣፋ ይሄዳል። ቀኝ በኩሉ ባዶ ከሆነ አንድ ሰው ቀድሞ ቆርጦታል። እኔ ያንን ሂስቶግራምና የተፈተኑትን ጂኖች ጠቅላላ ቁጥር የማያሳይ ሪፖርት ከማንም አልቀበልም።