ከጣና የጀልባ ጉዞዎች የትኛው ይደገማል?

ባሕር ዳር ውስጥ ጀልባ የሚያዘው ለልጆች ወይም ለእንግዳ ነው። አዋቂው ለራሱ ብሎ የሚሳፈርበት ቀን ጥቂት ነው፤ ሲሳፈርም ልጅ አቅፎ፣ ቦርሳ ጠብቆ፣ ደርሶ ለመመለስ ቸኩሎ ነው። በውሃው ላይ መንሳፈፉን ራሱን ማጣጣም የፈለገ ሰው አባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን የአባይ መውጫን፣ የዘጌን ባሕረ ገብ መሬትና የደንገል ታንኳን አንድ አንድ ጊዜ ይሞክርና የሚደግመውን ይምረጥ። የኛ ምርጫ የአባይ መውጫ ነው፤ ያውም በጠዋት።

ከቦታው ይልቅ ሰዓቱ ይበልጣል። ጣና በርዝመቱ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ጥልቅ በሚባለው ስፍራ እንኳ ወደ 14 ሜትር ገደማ ነው። ቀን ላይ የብሱ ከውሃው ፈጥኖ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ በዚያ ሁሉ ገላጣ ውሃ ላይ የተነዳው ማዕበልም ወደ እኛ ዳርቻ ይመጣል። ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ ማዕበሉ አጫጭርና ተከታታይ ይሆናል፤ ጀልባዋ አንዱን ሳትጨርስ ሌላው ይመታታል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ድረስ ውሃው ብዙ ጊዜ እንደ መስታወት ነው። ከ8 ሰዓት በኋላ ነፋስ ይጠበቃል።

መንገላታቱን የሚወድ ሰው ታዲያ ፊት ይቀመጥ። የጀልባዋ አፍንጫ ከፍ ብሎ ሲወርድ ወገብ ላይ ያርፋል፤ ጀርባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ እዚያ አትቀመጡ። ኋላ ንቅናቄው ያነሰ ነው፣ ግን የሞተሩ ጩኸትና የቤንዚን ሽታ አለ። ሆድ የሚያውከው ሰው መሐል ይቀመጥና ስልኩን ትቶ ሩቅ ያለውን ዳርቻ ይመልከት። ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ያለ ሰው መረጨቱ አይቀርም፤ ስልክና ገንዘብ በፌስታል ይቋጠር። ወፍራም ወፍራሙ ሁሉ በአንድ ጎን ከተደረደረ ጀልባዋ ስለምታዘነብል ባለጀልባው “እስቲ ወዲህ እለፉ” ሲል አትቀየሙት።

ላይፍ ጃኬቱ ከመነሳት በፊት ይለበስ። ማሰሪያዎቹን አጥብቁና ጓደኛችሁ ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ወደ አገጭ ከወጣ ሰፍቷል፤ ውሃ ውስጥም እንዲሁ ሾልኮ ይወጣል። የልጅ ልክ ደረቱ ላይ አልዘጋ ያለው አዋቂ ሌላ ይጠይቅ እንጂ ክፍቱን አይልበስ።

የአባይ መውጫው አጭር ነው፤ የደብረ ማርያምን ደሴት ጨምሮ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። ደንገሉ ዳር ሲደረስ ባለጀልባው ሞተሩን ይቀንሳል። ጉማሬ እስከ 5 ደቂቃ ድረስ ጠልቆ መቆየት ስለሚችል “የለም” ብሎ ቶሎ መመለስ ስህተት ነው። ዝም ብላችሁ ጠብቁ፤ ብቅ ሲል በአፍንጫው እፍ ይላል፣ ጆሮውንም እርግፍ እርግፍ አድርጎ ውሃውን ያራግፋል። “ጠጋ በል” ብሎ ባለጀልባውን መጎትጎት ግን ነውርም አደጋም ነው። ጉማሬውና ጥልቁ ውሃ መሐል የገባ ጀልባ መሸሻውን ዘግቶበታል፤ ጉማሬም የሚቆጣው ይህን ጊዜ ነው። በየጊዜው የሚታየው ስለሚለያይ ነው ይህን ጉዞ መድገም የማይሰለቸው።

ዘጌ እንደ ሞተሩ አቅም 1 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። መንገዱ ራሱ ብዙ አይለዋወጥም፤ የሚደገመው ለጫካ ቡናውና ለዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሥዕሎች ነው። ዋጋ ስትነጋገሩ ለጀልባዋ ይሁን በነፍስ ወከፍ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁም ጭምር ተስማሙ፤ የገዳማቱ መግቢያ ለብቻው ይከፈላል። የክብራን ገብርኤልን ገዳም ካሰባችሁ ሴቶች እንደማይገቡ አስቀድማችሁ እወቁ። መንገድ ላይ ሞተሩ ድንገት ካጓራና ከቆመ ብዙ ጊዜ መረብ ወይም ሣር ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሞ ነው። ባለጀልባው ሞተሩን አንስቶ እስኪፈታው ድረስ ማንም ለማየት አይነሳ።

ታንኳ ሌላ ነገር ነው። ደንገል ታስሮ የተሠራ ስለሆነ ውሃን የሚከለክል ግድግዳ የለውም፤ የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው። ስለዚህ መቀመጫ ይረጥባል፤ ጂንስ ሳይሆን ቶሎ የሚደርቅ ሱሪ ልበሱ። ስትገቡ ዳሩን አትርገጡ፣ መሐሉን ረግጣችሁ ወዲያው ተቀመጡና እግራችሁን ዘርጉ። ቀዛፊው በግራና በቀኝ ሲቀዝፍ ታንኳው ትንሽ ትንሽ ይወዛወዛል፤ አዋቂዎች የሚሳሳቱት ሚዛን ለመጠበቅ ብለው በተቃራኒው ሲዘነበሉ ነው። ወገባችሁን ለቀቅ አድርጉና አብራችሁ ተወዛወዙ። በውሃ ላይ በቆየ ቁጥር ደንገሉ እየጠጣ ይከብዳል፤ ለዚህ ነው ዳር ላይ ቆሞ ሲደርቅ የምታዩት። ሌሊቱን ደርቆ ያደረውን በጠዋት ያዙት፤ ከሰዓት በኋላ የምታገኙት ሲሠራ ውሎ የጠገበውን ነው፣ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ ቀዛፊውንም ያደክመዋል።