ባዶ የምትቀረው የክብደት መስመር

በተማሪዎች የጤና ዳሰሳ ላይ የሠራ ሰው ይህን ያውቃል። ልጆቹ ስለ ቁርስ ይመልሳሉ፣ ስለ እጅ መታጠብም ይመልሳሉ። ክብደት ላይ ሲደርሱ ግን ዘለው ያልፋሉ።

ባሕር ዳር፣ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች መጠይቅ ሞልተው ሲመልሱልን የገጠመን ይኸው ነው። ማታ ወረቀቱን ስናገላብጥ የክብደት መስመር በብዙዎቹ ላይ ባዶ ሆነች። መረጃ የሚያስገባው ባልደረባችን ደክሞታል። «ሲስተር፣ ባዶዎቹን እናውጣና በቀሩት እንሥራ» አለኝ።

አልተስማማሁም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉት ባወጣው መለኪያ ልጅ መክሳቱን ወይም ከልክ በላይ መወፈሩን ለማወቅ ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜና ፆታ ሁሉም ያስፈልጋሉ። አንዷ ከጎደለች ልጁ ከስሌቱ ወጣ ማለት ነው። የሚወጡት ደግሞ በሰውነታቸው የሚሸማቀቁት ከሆኑ፣ ልንደርስላቸው የመጣነውን ልጆች ራሳችን ሰረዝናቸው!

በማግስቱ ተመልሰን ልጆቹን ጠየቅን። ብዙዎቹ ኪሎአቸውን አያውቁም። ቤት ሚዛን የለም። አንዱ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ተመዝኖ ነበር፤ ቁጥሩን ረስቶታል።

አንዲት ተማሪ ግን ጓደኞቿ እስኪወጡ ጠብቃ መጣች። ኪሎዋን አሳምራ ታውቃለች። «ሲስተር፣ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነን ነው የምንቀመጠው። ከጻፍኩት ያዩታል። ከዚያ እስከ ሰኔ መጠሪያዬ እሱ ይሆናል» አለችኝ። በጣም ቀጭን የሆነ አንድ ልጅም ብሶቱ ተመሳሳይ ነው። ያየው ሁሉ «ምነው ከሳህ፣ አመመህ እንዴ?» ይለዋል። እኛ እንዲህ ስንል ለሰው ያሰብን ይመስለናል። በ14 እና በ15 ዓመት፣ ሰውነት በሚለዋወጥበት ዕድሜ፣ ቃሉ ልብ ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻም አይደለም። በአውሮፓና በካናዳ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር በትብብር በየ4 ዓመቱ የሚካሄደው ዳሰሳ የ11፣ የ13 እና የ15 ዓመት ተማሪዎችን ክብደታቸውን ይጠይቃል። እዚያም ይህች ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳትመለስ ትቀራለች።

በቀጣዩ ክፍል አሠራራችንን ቀየርን። ልጆቹን አራርቀን አስቀመጥን። «አላውቅም» እና «መናገር አልፈልግም» የሚሉ ምርጫዎች ጨመርን። ፈቃደኛ የሆነውን ለብቻው ክፍል አስገብተን መዘንን። የተለመደው አንዱ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሲጠራ ሌላው መጻፍ ነው። ያንን አስቀረን፤ የመዘነው ሰው ራሱ ዝም ብሎ ይጽፋል። ልጁ ቁጥሩን ማየት ካልፈለገ ፊቱን አዙሮ ይቆማል።

ያቺ ተማሪ መጥታ ተመዘነች። ቀጭኑ ልጅ አልፈልግም አለ፤ አልተጫንነውም። ባልደረባዬ እምቢ ያሉትን ከማያውቁት ለይቶ መዘገባቸው፤ በፆታና በክፍል እየለየም ከመለሱት ጋር ያነጻጽራቸው ጀመር።