«ትንሽ ብቻ ጠጋ ይበሉ ጋሼ»

አስጎብኚነት በጀመርኩ ሰሞን ነው። ሁለት ሆላንዳውያን ጡረተኞች፣ ባልና ሚስት፣ ወፍ ለማየት ብለው ሐዋሳ መጡ። ጠዋቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ወንዶ ገነት ጫካ ጎህ ሲቀድ መድረስ ሲገባን፣ የሆቴሉ ቁርስ እንዳያመልጣቸው ብዬ አዘገየኋቸው። ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ቢጫ ግንባር በቀቀን ከማደሪያው ተነሥቶ ሄዷል፤ ከሩቅ ድምፁን ብቻ ሰማን። ጉሬዛው በሽ ነበር፤ ለጉሬዛ ግን ማን መጣ?

ከሰዓት በኋላ ልክሳቸው ቆርጬ፣ ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ የሐዋሳን ሐይቅ በሚቀላቀልበት በኩል ጀልባ ያዝኩ። ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚወርደው ውኃ በጨለለቃ ረግረግ አልፎ የሚመጣው እዚሁ ነው፤ ጠዋት የተሻገርነው ጅረት ተከትሎን የመጣ ያህል።

ፊላው ዳር፣ በተንሳፈፉት ቅጠሎች ላይ ጃካና የሚባል አንድ የውኃ ወፍ ጫጩቶች ይዞ ይራመዳል። ጣቶቹ ረጃጅም ስለሆኑ ቅጠሉ አይሰምጥበትም።

«እናትየዋን እዩአት!» አልኩ።

ሴትየዋ ፈገግ ብላ፣ አባታቸው እንደሆነ ነገረችኝ። በጃካና ቤት እንቁላል የሚታቀፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም ወንዱ ነው፤ ሴቷ ሌላ ባል ፍለጋ ትሄዳለች። ይህን መናገር የነበረብኝ እኮ እኔ ነበርኩ!

አፈርኩ። ጥሩ ፎቶ እንኳ ላስነሣቸው ብዬ ወደ ባለጀልባው ዞርኩ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ።»

«ይበቃል ልጄ፣ ይደነግጣል።»

«ትንሽ ብቻ!»

ሁለቴ ቀዘፉ። ወፉ በርከክ አለና ጫጩቶቹን ክንፉ ሥር ሰበሰበ። ቀና ሲል ከብብቱ ቀጫጭን እግሮች እንደ ክር ተንጠልጥለዋል። ስድስት ቆጠርኩ። ጫጩቶቹ ግን አራት ነበሩ። አንዷ የቆመችበትን ቅጠል የጀልባችን ሞገድ ገልብጦት ውኃው ውስጥ ገባች።

ሰውየው ካሜራውን ዝቅ አድርጎ በእጁ ወደ ኋላ አመለከተ። ጋሼ እኔን ሳይጠብቁ ቀዝፈው ነበር። ርቀን ቆምን። ማንም አልተናገረም። ጫጩቷ ለካ ምንቃሯን ብቻ ብቅ አድርጋ ውኃ ውስጥ ተደብቃ ኖሯል፤ አባቷ ሲጠራት ቅጠል ላይ ወጣች። ያኔ ነው የተነፈስኩት።

አሁን ቁርስ አስቋጥሬ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት እወጣለሁ። ጀልባዋ የት እንደምትቆም የሚወስኑት ደግሞ ጋሼ ናቸው። በቀደም አንድ ፎቶ አንሺ ጠጋ እንበል ብሎ ለመነኝ። ተርጉሜ ሳልጨርስ መቅዘፊያውን ጭናቸው ላይ አጋድመውታል።